ለጅማ ሰማይ የሚሆን ዳሽቦርድ ስንት ያወጣል?

በእጅ ለሚገጣጠም ቀላል አውሮፕላን መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ከካታሎጉ ሳይሆን ከደመናውና ከተራራው ቢጀምር ያተርፋል

የጅማ ነጋዴና አውሮፕላን የቆየ ትውውቅ አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የነበሩት አውሮፕላኖች ግራና ቀኝ ታጣፊ አግዳሚ ወንበር፣ መሀል ላይ ደግሞ የጭነት ቦታ ነበራቸው። ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ በሚያዝበት በዚያ ዘመን የከፋ ቡና በአየር ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ዛሬ ቡናው በአስፋልት ይወርዳል። መንገደኛው ደግሞ ከጅማ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ቦሌ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከቦንጋ ተነሥቶ ጉዳዩን በአንድ ቀን ጨርሶ ለመመለስ የሚሻ ሰው ዛሬም በመኪና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ መስመር ግን 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በውጭ አገር በሳጥን ታሽጎ የሚሸጥና ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ይህን መንገድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ገንዘብ ያለው ሰው ሐሳቡ ቢመጣበት አይፈረድበትም። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ከክንፉና ከሞተሩ ቀጥሎ ገንዘቡን በምን ላይ ማዋል ይኖርበታል? ብዙ ብር የሚባክነውም፣ ሕይወት የሚተርፈውም አቪዮኒክስ በሚባሉት መሣሪያዎች ምርጫ ላይ ነው።

ቀድመው የሞከሩት

በኢትዮጵያ አውሮፕላን መሥራት አዲስ ወሬ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ ባለ115 ፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላትን አውሮፕላን ሠርተው አብርረዋል። በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ይህች አውሮፕላን በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ለበርካታ አሥርት ዓመታት በሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሷ ይታወሳል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ኩባንያ ባገኘው ፈቃድ «እሸት» የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አገር ውስጥ መገጣጠም ጀምሮ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ሙያ የሠለጠኑት አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ቪዲዮ በቀሰሙት ዕውቀት የመኪና ሞተር የተገጠመለት አውሮፕላን ሠርተው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ስማቸው ተነሥቷል። የመጀመሪያ ሙከራቸው ባይሰምርም አንድ ነገር አሳይተዋል፤ በዚህ አገር ፍላጎቱም እጁም አለ። የሚጎድለው ገንዘብን በቅደም ተከተል ማውጣት ነው።

ሚዛን ላይ ሲወጣ

የቡና ሰው ክብደት ያውቃልና ከሚዛን መጀመር ይሻላል። በብዙ አገሮች ለቀላል አውሮፕላን የተለመደው ከፍተኛ ክብደት 600 ኪሎ ነው። አካሉና ሞተሩ 350 ኪሎ ገደማ ይወስዳሉ። ሁለት ሰው 150 ኪሎ፣ 100 ሊትር ነዳጅ ደግሞ 70 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። የሚተርፈው 30 ኪሎ ሲሆን ይህም ሁለት ፈረሱላ አይሞላም። ሁለት ትልልቅ ስክሪን፣ አውቶፓይለት፣ ተጨማሪ ባትሪና ሽቦ የሚሞላ ሰው ከዚችው ከሁለት ፈረሱላ ያነሰች ትርፍ ላይ እየቆረሰ ነው።

ጅማ ላይ ሚዛኑ ይበልጥ ይጠብቃል። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል ይሆናል። ተርቦ የሌለው ባለ100 ፈረስ ጉልበት ሞተር በዚህ አየር የሚሰጠው 76 ገደማ ብቻ ነው። ሩብ ያህሉ ጉልበት ሳይነሡ አልቋል ማለት ይቻላል።

በጅማ ዝም የሚል ዕቃ

የአሜሪካ ካታሎግ ሲገለጥ ዓይን የሚስበው ትልቁ ስክሪን ነው። ጋርሚንና ዳይነን የሚያቀርቧቸው ሙሉ ስብስቦች ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ተራራን፣ ሜዳንና ሰማይን በቀለም እያሳዩ ይመራሉ። ነገር ግን ቡና በመልኩ ብቻ እንደማይገዛ ሁሉ፣ ተቆልቶና ተቀምሶ ደረጃ እንደሚወጣለት፣ ስክሪንም በቀለሙ አይገዛም። መጠየቅ ያለበት «ይህ ዕቃ ጅማ ላይ ምን ይሰማል?» ተብሎ ነው።

ለአብነት ያህል፣ በአሜሪካ በራሪዎች የዝናብና የነጎድጓድ ሥዕል በነፃ የሚያገኙት መሬት ላይ ከተተከሉ ማሠራጫዎች በ978 ሜጋ ኸርዝ ነው። ይህ አገልግሎት የአሜሪካ ብቻ ነው። ይህን ብቻ የሚሰማ መሣሪያ ገዝቶ ጅማ ላይ የሚያበራ ሰው ባዶ ስክሪን ያያል። በሳተላይት የሚላከው የክፍያ የአየር ጠባይ አገልግሎትም ለሰሜን አሜሪካ የተዘጋጀ ነው። የጂፒኤስን ስህተት እያረመ በደመና ውስጥ እስከ መንደርደሪያው የሚያወርደው ዘዴ እንዲሁ ሽፋኑ ሰሜን አሜሪካ ላይ ነው። ጂፒኤሱ ራሱ ጅማ ላይ ይሠራል። የማይሠራው ተጨማሪ ዋጋ የተከፈለበት ክፍል ነው።

ካርታውም እንደዚሁ መመርመር አለበት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካው የመሬት ገጽታ ኢትዮጵያን ስለሚያካትት፣ ማይጉዶን የመሰሉ የጅማ ተራሮች በስክሪን ሊታዩ ይችላሉ። ሆኖም መሣሪያ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በክፍለ ዓለም ተለይቶ ነው። የአሜሪካ ካርታ የተጫነበት ስክሪን የአፍሪካው ካልተጨመረበት ከጅማ ዙሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርሱትን ከፍታዎች አያውቃቸውም። ተራራውን በሜዳ ቀለም ከሚያሳይ ስክሪን ስክሪን የሌለው ዳሽቦርድ ይሻላል፤ ቢያንስ በራሪው በዓይኑ ይጠነቀቃልና። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 ከጅማ ብዙም ሳይርቅ በተራራማ ሥፍራ መውደቁ ይታወቃል። አካባቢው ለሠለጠነ ባለሙያም ቀላል አይደለም።

ፍጥነት ከስልክ አይነበብም

ርካሹና የማይታለፈው ዕቃ በአየር ግፊት የሚሠራው የፍጥነት መለኪያ ነው። አንዳንድ ሰው «ጂፒኤስ ፍጥነት ይነግረኝ የለም ወይ?» ይል ይሆናል። ጂፒኤስ የሚናገረው አውሮፕላኑ በመሬት ላይ የሚያልፍበትን ፍጥነት ነው። ክንፍ የሚያውቀው ግን በፊቱ የሚመጣውን የአየር ግፊት ብቻ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የጅማ ሙቅ ቀን፣ ነፋስ ባይኖርም፣ የጂፒኤሱ ቁጥር ከግፊት መለኪያው በ13 በመቶ ይበልጣል። አውሮፕላኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ማረፍ ካለበትና በራሪው ስልኩ ላይ 80 እያየ ከወረደ፣ ክንፉ የሚያገኘው 71 ያህል ብቻ ነው። ከኋላ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ይወርዳል። ክንፉ አየሩን መያዝ አቅቶት የሚጥለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ለዚህ መለኪያ አየር የሚያቀብለው ቀጭን ቱቦ የነፍሳት ጎጆ መሆን ይወዳል። ጥር 28 ቀን 1988 ዓ.ም. ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሣ ቦይንግ 757 ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰው አልቋል። መርማሪዎች የጠረጠሩት አውሮፕላኑ ለቀናት ቆሞ ሳለ ሽፋን ባልተደረገለት ቱቦ ውስጥ ተርብ ጭቃ ሳይሠራበት እንዳልቀረ ነው። ከዳሽቦርዱ ዋጋ ሁሉ ርካሹ፣ በየትኛውም ልብስ ሰፊ ቤት የሚሰፋው የቱቦ ሽፋን፣ እንዲህ ያለ ሚዛን ይደፋል።

ከፍታ መለኪያም በግፊት የሚሠራው ይሻላል። በየዕለቱ ከማረፊያው በሚሰጠው ቁጥር መስተካከል አለበት። አንድ ሄክቶፓስካል ሲዛነፍ ከፍታው በ8 ሜትር ገደማ ይዋሻል። የአምስት ስህተት ማለት የ40 ሜትር ስህተት ማለት ነው። በጊቤ ሸለቆ ዳገት ላይ 40 ሜትር ቀላል አይደለም።

ሞተሩ በበረዶ ሲታፈን

ብዙዎች የሚመርጡት የሮታክስ 912 ዓይነት ሞተር በካርቡራተር የሚተነፍስ ነው። አየር በካርቡራተሩ ጉሮሮ ሲያልፍና ነዳጁ ሲተን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ገደማ ሊወርድ ይችላል። እርጥበት በበዛበት አየር፣ ውጪው 20 ዲግሪ ቢሆንም እንኳ፣ ውስጡ በረዶ ይጋግራል። በዓመት አብዛኛውን ወር ዝናብ የማይለየው የጅማ ሰማይ ለዚህ የተመቸ ነው። ቡና አብቃይ አካባቢ ስለሆነ «በረዶ እኛ ጋ ምን አለ?» ማለት ያሳስታል።

ስለዚህ የካርቡራተር ሙቀት፣ የሲሊንደር ራስ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የነዳጅ መጠን የሚያሳዩ ጌጆች ከማንኛውም ባለቀለም ካርታ መቅደም አለባቸው። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ አነስተኛ ዲጂታል መሣሪያ አለ። እንዲህ ያለውን ከሚሠሩት አንዱ ኤምጂኤል አቪዮኒክስ በደቡብ አፍሪካ የሚገኝ ነው። ከአሜሪካ ይልቅ ከዚያ ማዘዝ የሚሻለው በማጓጓዣ ዋጋና በጥገና ምልልስ ጭምር ተሰልቶ ነው።

ድምፅ እስከ የት ይደርሳል?

የበረራ ሬዲዮ ሞገድ ከተራራ ጀርባ አይታጠፍም። መሬቱ ሜዳ ቢሆን እንኳ 300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን መሬት ላይ ያለ ማማ የሚሰማው እስከ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1,500 ሜትር ከፍታ ይህ ርቀት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ያድጋል። አጋሮ ከጅማ በቀጥታ መስመር ከ35 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቦንጋ ግን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዝቅታ ቦንጋ ላይ የሚበርር ሰው ሬዲዮው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ጅማን አይሰማም። ስለዚህ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር የሚያወጣ ደህና ሬዲዮ ከጥሩ አንቴና ጋር መግዛት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ተራራውን አያፈርስም።

ትራንስፖንደር የሚባለው መሣሪያ 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ቢያወጣም ከስክሪን ይቀድማል። ጅማ የሚመላለሱት የመንገደኛ አውሮፕላኖች የግጭት መከላከያ መሣሪያ አላቸው። ይህ መሣሪያ ትንሿን አውሮፕላን የሚያያት ትራንስፖንደሯ ሲመልስለት ብቻ ነው። ከፍታዋንም ካልተናገረች አብራሪው ውጣ ወይም ውረድ የሚል ትእዛዝ አያገኝም።

ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ በ406 ሜጋ ኸርዝ ለሳተላይት የሚጮኽ የአደጋ መጠቆሚያ ያስፈልጋል። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ደላሎች የድሮውን በ121.5 ሜጋ ኸርዝ ብቻ የሚሠራውን በርካሽ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ሳተላይቶቹ ይህን ድምፅ መስማት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ነው። በጌራ ወይም በከፋ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዞ መውደቅ ዝም ብሎ ከመውደቅ ብዙም አይለይም። በኪስ የሚያዘው የ406 መጠቆሚያ ከ300 እስከ 400 ዶላር ይገኛል።

ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዕድሜ

«ደመና ውስጥ ብገባ ስክሪኑ ያወጣኛል» የሚለው ሐሳብ ከሁሉ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ሥልጠና የሌላቸው 20 ሰዎች ውጪው እንዳይታያቸው ተደርጎ ተፈትነው ነበር። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። የቆዩበት አማካይ ጊዜ 178 ሴኮንድ ነው። አድማስ የሚያሳይ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም ቢባል እንኳ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዓይን ያጣ በራሪ ጆሮውን ቢያምን ይወድቃል። የራሱ ባትሪ ያለው አነስተኛ ዲጂታል አድማስ ጠቋሚ በ1,500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ለመመለሻ የሚሆን መሣሪያ እንጂ ደመና ለመግባት ፈቃድ አይደለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ለሁለተኛ ስክሪን የተመደበው ገንዘብ ለሥልጠና ቢውል ይበልጥ ያዋጣል።

መብራት ሲጠፋስ?

የሮታክስ 912 ዲናሞ በከፍተኛ ዙሩ የሚሰጠው 250 ዋት ገደማ ነው። ሁለት ትልልቅ ስክሪን፣ ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደር፣ የማረፊያ መብራትና የነዳጅ ፓምፕ ሲደመሩ ለባትሪው የሚተርፍ ትንሽ ነው። ዲናሞው ቢቆም ሁሉም በአንድ ላይ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ይገባል። በግፊት የሚሠሩት የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎች፣ እንዲሁም ኮምፓስ፣ መብራት አይጠይቁም። እነርሱን ነቅሎ ሁሉንም በስክሪን መተካት ያለ ጄኔሬተር ሆቴል እንደመክፈት ነው።

ወረቀትና ምንዛሪ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በ10,000 ዶላር የተሳሳተ ዕቃ መግዛት ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ መቅበር ነው ማለት ነው። ቀብድ ከመላክም በፊት አቅራቢውን ማጥናት ይገባል። በዓለም በእጅ ለሚገጣጠሙ አውሮፕላኖች ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካው ቫንስ ኤርክራፍት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ፣ ቀብድ የከፈሉ ደንበኞቹ ዋጋ እንዲጨምሩ ተጠይቀዋል። ትልቅ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የአገር ውስጡ ወረቀትም ከግዢው መቅደም አለበት። ያለ ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አውሮፕላን አይነሣም፤ ሬዲዮ ማሠራጫም ፈቃድ ይጠይቃል። ትራንስፖንደርና የአደጋ መጠቆሚያ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር የሚሰጥ መለያ ቁጥር ይይዛሉ። ያገለገለ ዕቃ የሌላ አገር ቁጥር እንደያዘ ከተገጠመ የአደጋ ጥሪው ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በአየር ጭነት እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር፣ አሻጊው በደንቡ ካላዘጋጀው ዕቃው መንገድ ላይ ይቀራል።

በምን ይጀመር?

ሲጠቃለል የግዢው ተራ እንዲህ ቢሆን ለጅማና ለአካባቢዋ ይስማማል። በቅድሚያ የግፊት ፍጥነትና ከፍታ መለኪያ፣ ኮምፓስና የቱቦ ሽፋን። ቀጥሎ የሞተር ጌጆች፣ በተለይም የካርቡራተር ሙቀት። ሦስተኛ ሬዲዮና የ406 መጠቆሚያ። አራተኛ ከፍታ የሚናገር ትራንስፖንደር። አምስተኛ የራሱ ባትሪ ያለው አንድ ትንሽ አድማስ ጠቋሚ፣ የአፍሪካ ካርታ ከተጫነበት ጂፒኤስ ጋር። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ትልቅ ስብስብ ዋጋ ላይ ላይደርስ ይችላል። ትልቁ ስክሪን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ገንዘብም ክብደትም ከተረፈ ነው።

ትልቁን ስክሪን አስቀድሞ የሚገዛ ሰው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ውስጥ ገብቷል። ቡና ነጋዴ እሸቱን ሳያደርቅ ጆንያ አይሰፋም። አውሮፕላንም እንደዚያው በተራው ነው የሚሠራው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ልዩነቱ መሬት ላይ የፈሰሰ ቡና መለቀም መቻሉ ነው።